ሎርድ ካርዲጋን፦ የሚወራበትና እውነታው

ከፊት ተከፍቶ በቁልፍ የሚዘጋውን ሹራብ ካርዲጋን እንለዋለን አይደል? ስሙ የመጣው ከሰው ነው። ጄምስ ብሩድኔል ይባላል፣ ሰባተኛው የካርዲጋን ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ በ1797 የተወለደ እንግሊዛዊ መኮንንና ኖርዝሃምፕተንሺር ውስጥ ያለው የዲን ፓርክ ርስት ጌታ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የማይገባውን ሲወቅሱት ስሰማ ይከነክነኛል፤ የሚገባው ወቀሳ ሞልቶ።

«ፈረሰኞቹን ወደ መድፍ አፍ የሰደዳቸው እሱ ነው።» አይደለም። ነገሩ የሆነው እንግሊዝና አጋሮቿ ከሩሲያ ጋር በተዋጉበት በክራይሚያ ጦርነት፣ ባላክላቫ ላይ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1854 ነው፤ ካርዲጋን የቀላል ፈረሰኞቹ ብርጌድ አዛዥ ነበር። (የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል የተባለው በዚሁ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም ነው።) የእንግሊዝ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሎርድ ራግላን ኮረብታ ላይ ሆኖ ሩሲያውያን የማረኳቸውን መድፎች ሊወስዱ ሲሉ አየና አስጥሏቸው ብሎ ወረቀት ላከ። ሸለቆ ውስጥ ላሉት ፈረሰኞች ግን እነዚያ መድፎች አይታዩም፣ ወረቀቱም የትኞቹ እንደሆኑ በግልጽ አይልም። ይዞት የወረደው ካፒቴን ኖላን «የቱ መድፍ?» ሲባል እጁን ወደ ሸለቆው ዘረጋ። ካርዲጋን ከፊትም ከግራና ቀኝም መድፍ እንዳለ ለአለቃው ለሎርድ ሉካን ተናግሯል። ሉካን የእህቱ ባል ነው፣ ግን አይዋደዱም። ትዕዛዝ ነው አለው፣ አለቀ፤ ፈረሰኞቹ ሸለቆውን ይዘው ወደ መድፎቹ ጋለቡ።

«እሱ ከኋላ ቀርቶ ሰው አስፈጀ።» ይሄም ውሸት ነው። ሮናልድ በሚባለው ፈረሱ ላይ ሆኖ ከሁሉም ፊት ጋለበ፣ መድፎቹም ጋ ደረሰ። እኔ የምወቅሰው ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው፤ ሰዎቹ ገና ጭሱ ውስጥ እየተዋጉ እሱ ዞሮ ተመለሰ። በዘመቻውም ወታደሩ ድንኳን ውስጥ ሲያድር እሱ ወደቡ ላይ በቆመች የግል መርከቡ ነበር የሚያድረው።

«ሁሉም አለቁ» የሚባለውም ልክ አይደለም። ከ670 ያህል ፈረሰኛ የሞተው 110 ገደማ ነው፣ 160 ያህሉ ቆስሏል። ያለቀውስ ፈረሱ ነው፣ ከ300 በላይ።

«የመኮንንነት ማዕረጉን በጦር ሜዳ ነው ያገኘው» የሚሉም አሉ። ጭራሽ! ያኔ በእንግሊዝ ጦር ማዕረግ በገንዘብ ይገዛ ነበር። በ1832 በገንዘቡ የአንድ ፈረሰኛ ሬጅመንት አዛዥ ሆነ፣ በ1834 ከሥልጣኑ ተነሳ፣ በ1836 ደግሞ ሌላ ሬጅመንት ያዘ። ክራይሚያ እስኪሄድ ጦርነት አይቶ አያውቅም፤ የባላክላቫ ለት 57 ዓመቱ ነበር።

የሞተው በ1868 ነው፣ እዚያው ርስቱ ላይ ከፈረስ ወድቆ። ሮናልድ ከሱ በኋላም ኖሯል፣ ጭንቅላቱ ዛሬም ዲን ፓርክ ተቀምጧል።