አዘዞ፦ ጎንደር ሳትኖር የነበረች የጎንደር ሰፈር

ጎንደር በአውሮፕላን የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው የአዘዞን መሬት ነው፣ ግን ስትጠይቁት ጎንደር ሄጄ ነበር እንጂ አዘዞ ነበርኩ የሚል የለም። ሻንጣውን ይይዝና ታክሲ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ወደ ፋሲል ግንብ ነው፣ መንገድ ዳር ያለውን ሱቅና ባጃጅ በመስኮት እያየ ያልፋል በቃ። የአዘዞን ልጆች ይሄ ነገር ያናድዳቸዋል፣ እውነታቸውን ነው፣ ምክንያቱም ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆሩ በፊት አባቱ አፄ ሱስንዮስ በኖራ ግንብ ያሰራው፣ አትክልት ያስተከለው፣ በመጨረሻም የተቀበረው እዚህ ነው።

አዘዞ ከጎንደር መሀል ከተማ ወደ ደቡብ በባህር ዳር መንገድ አስር አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት ነው የምታውቁት፣ ወደዚህ ሲወረድ ግን መሬቱ ይለጠጣል፣ የደምቢያ ሜዳ የሚጀምረው እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ኤርፖርቱ ያለበት ከፍታ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ከተማው ከዛ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል አዘዞ ሞቅ ትላለች፣ ጎንደር ሹራብ ለብሶ የወጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ያወልቃል። ድማዛ የሚባለው ወንዝ መንደሯን ያቋርጣል፣ ለዚህ ነው አዘዞ ድማዛ ተብላ የምትጠራው፣ ከከተማው በኩል ሽንታ አለ፣ በባህር ዳር መንገድ ትንሽ ወረድ ስትሉ ደግሞ ትልቁ መገጭ አለ፣ እሱ ወደ ጣና ነው የሚሄደው። በአስተዳደር አሁን የጎንደር ከተማ አካል ናት፣ አዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ ይባላል፣ ሰው ግን ዛሬም ከአዘዞ ተነስቶ ወደ አራዳ ሲሄድ "ጎንደር ልወጣ ነው" ነው የሚለው።

ታሪኩን ለመረዳት ከጎንደር በፊት የነበረውን ማሰብ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጎንደር ዝም ብላ ከመሬት የፈለቀች ይመስለዋል፣ በ1636 (በእኛ 1628 ዓ.ም) ፋሲል መጣ፣ ጎሽ አደነ፣ ከተማ ቆረቆረ፣ አለቀ። እንደዛ አይደለም። ከዛ በፊት የነበሩት ነገስታት ጣናን እየዞሩ ከተማ ሲሞክሩ ነው የኖሩት፣ ሠርፀ ድንግል እንፍራንዝ አጠገብ ጉዛራ ላይ ግንብ አቆመ፣ ሱስንዮስ ጎርጎራ ተቀመጠ፣ ከዛ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግስት አሰራ፣ አዘዞ ደግሞ የእረፍትና የአትክልት ቦታው ሆነች። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፣ መጽሐፎቹ ሁሉ እንደዛ ስለሚጽፉት መገልበጡ ይደክማል።)

ሱስንዮስ ከ1607 እስከ 1632 የነገሰ ነው። በእሱ ዘመን ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮኖች ቤተ መንግስቱ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበራቸው፣ ከነሱ ውስጥ ስሙ የሚነሳው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ነው፣ በ1618 ከንጉሱ ጋር ሄዶ ግሽ ዓባይን ያየውና የጻፈው እሱ ነው። አዘዞ ላይ የተሰራው ገነተ ኢየሱስ የዛ ዘመን ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ በግንብ አጥር የተከበበ ግቢ፣ አትክልት ቦታ፣ እና የውሃ ገንዳ ነበረው፣ ገንዳው መሀል ላይ ደግሞ ንጉሱ አረፍ የሚልበት ቤት ነበር። አሁን ቆም በሉና ጎንደር ያለውን ጥምቀተ ባህር አስቡት፣ ፋሲል መዋኛ የምንለውን፣ መሀሉ ላይ ግንብ ያለበት ገንዳ፣ በጥምቀት ወጣቱ ዘሎ የሚገባበት። ሀሳቡ ከየት መጣ ለሚል ሰው መልሱን ፖርቱጋል ወይ ህንድ ከመፈለጉ በፊት አዘዞ ወርዶ ቢያይ ጥሩ ነው ባይ ነኝ፣ አባት የሰራውን ልጅ አይቶ ነው ያደገው።

ሌላው ትልቅ ነገር ኖራ ነው። በዚህ አካባቢ ከዛ በፊት የድንጋይ ቤት የሚሰራው በጭቃ ነበር፣ በኖራ ማያያዝ በደንብ የገባው በሱስንዮስ ጊዜ ነው፣ ከህንድ በኩል የመጡ ግንበኞችም ነበሩበት። ከ2006 ጀምሮ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች መጥተው አዘዞን፣ ደንቀዝንና ጎርጎራን ለዓመታት ሲቆፍሩ ነበር፣ አዘዞ ላይ የገንዳውንና የግቢውን መሰረት፣ የአበባ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ጌጠኛ ድንጋዮች ምናምን አግኝተዋል፣ ጌጡ የአውሮፓና የህንድ ድብልቅ ነው። ጎንደር ግንቦች ላይ ሰው የሚደነቅበት ሙያ መጀመሪያ የተሞከረባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው፣ የሀገሬው ግንበኛም እጁን ያፍታታው እዚሁ ነው። ለኔ የአዘዞ ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ጎንደር ረቂቅ ነበራት፣ ረቂቁ ደግሞ ግማሹ አዘዞ ላይ ነው የተጻፈው።

የሱስንዮስ መጨረሻ ግን አያምርም። በ1622 ካቶሊክነቱን በግልጽ አወጀ፣ በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የሚባል ፓትርያርክ ከሮም ተሾሞ መጣ፣ ሰውየው እንደ ፓኤዝ በዘዴ የሚሄድ አልነበረም፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ህዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ጾሙ ይቀየር ሲል ሀገሩ ሁሉ ተነሳ፣ ላስታ፣ በጌምድር፣ ጎጃም። በ1632 ወይና ደጋ በሚባል ቦታ ላይ ከላስታ አማጺዎች ጋር በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፣ ያሸነፈው ንጉሱ ነበር፣ ግን ማሸነፉ ምን ዋጋ አለው፣ የሞተው የራሱ ህዝብ ነው። ከዛ በኋላ ነው የፈለገ በአባቱ ሃይማኖት ይኑር ብሎ አውጆ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል የለቀቀው። በዛው ዓመት መስከረም ላይ ሞተና አዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበረ።

ፋሲል ሚሲዮኖቹን አባረረ፣ የአባቱን ቦታ ግን አላፈረሰውም፣ ለደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሰጠው። ይሄ ብልጠት ይመስለኛል፣ የካቶሊክ ስም የተነሳበትን ቦታ የኦርቶዶክስ ዋና ማዕከል ማድረግ። ደብረ ሊባኖስ ሸዋ ውስጥ በግራኝ ጦርነት ተቃጥሎ ነበር፣ ከዛ በኋላም ሸዋ ስላልረጋ መነኮሳቱ ቤተ መንግስቱን ተከትለው ወደ ጣና አካባቢ መጥተው ነበር፣ አዘዞ ቤታቸው ሆነች፣ ቦታውም አዘዞ ተክለ ሃይማኖት ተባለ፣ እስከ ዛሬ የምንጠራው በዚሁ ነው። አለቃቸው እጨጌ ነው። የዛሬ ልጅ እጨጌ ማለት ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል፣ በዛን ጊዜ ጳጳሱ ከግብጽ ነበር የሚመጣው፣ ቋንቋውንም ሀገሩንም አያውቅም፣ ስለዚህ ገዳማቱን የሚያስተዳድረው፣ ንጉስ ጆሮ ላይ ያለው፣ ሀገር በቀሉ ትልቁ ሰው እጨጌው ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር ከዛ የቀረ ነው፣ ወንጀል ሰርቶ የሸሸ ሰው እዛ ከገባ አይነካም ነበር። ሹመቱ ራሱ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ቆይቷል፣ በ1951 ዓ.ም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ባስልዮስ ከዛ በፊት እጨጌ ነበሩ።

ፋሲል ራሱም በ1667 የሞተው አዘዞ ነው፣ የተቀበረው ግን ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ልጁ ዮሐንስ ደግሞ ትንሽ ወረድ ብሎ ጠዳ ተቀበረ። ልብ ካላችሁ ሶስት ትውልድ ነገስታት ከዚሁ ከአንድ መንገድ ጋር የተያያዘ መጨረሻ አላቸው፣ ሚኒባስ ዛሬ በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ክርስቶስ ባህርይ የሚደረገው የቅባትና የተዋህዶ ክርክር ሲጦፍ የደብረ ሊባኖስ ቤት ከተዋህዶ ወገን ነበር፣ ጎጃሞቹ ከቅባት። በየጉባኤው የሚጮኸው መነኩሴ ብዙው የዚህ ቤት ሰው ነበር። ዳግማዊ ዳዊት ይሁን ሣልሳዊ በቁጥሩ መጽሐፎቹ ይለያያሉ፣ ከ1716 እስከ 1721 የነገሰው ዳዊት ማለቴ ነው፣ ጉባኤውን ለቅባቶች ፈረደ፣ መነኮሳቱ አንቀበልም ሲሉ ወታደር ላከባቸው፣ ብዙ ሰው ተገደለ። ንጉሱም በዛው ዓመት ሞተ። ከዛ በኋላ ዘመነ መሳፍንት፣ ጎንደርም ደከመች አዘዞም አብራ ደከመች። በ1888 ድርቡሾች (የሱዳን ማህዲስቶች) ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉስ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፈው ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደምቢያ ሙሉ ነው የተዘረፈው።

ከዛ ጣልያን። በመጋቢት 1928 ዓ.ም ጎንደር ገባ፣ ሜዳ ፈለገ፣ ጎንደር ከተማ ላይ ለአውሮፕላን የሚሆን ሜዳ ከየት ይመጣል፣ አዘዞ ላይ አገኘ። የዛሬው ኤርፖርት መነሻው እሱ ነው። በ1933 ዓ.ም ንጉሱ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሲመለሱ ጎንደር ገና በጣልያን እጅ ነበረች፣ ጄኔራል ናሲ ወልቅፊትንና ኩልቋልበርን ምሽግ አድርጎ ለወራት ተቀመጠ። ከቀሩት ጥቂት ተዋጊ አውሮፕላኖች አንዷ ጥቅምት 1934 ዓ.ም ተመትታ ወደቀች፣ ኩልቋልበር በህዳር ተሰበረ፣ ህዳር 18 ቀን እንግሊዞችና አርበኞች ከየአቅጣጫው ገቡ፣ የአዘዞ ማረፊያ በዛው ቀን ተያዘ፣ ናሲም እጁን ሰጠ። ጣልያን በምስራቅ አፍሪካ የያዛት የመጨረሻ ቦታ ጎንደር ነበረች።

ሜዳው ከዛ በኋላም ከወታደር አልተላቀቀም። አዘዞ ስትባል ለብዙ ኢትዮጵያዊ የሚመጣለት የጦር ካምፑ ነው፣ በንጉሱም በደርግም፣ እስከ 1983 ዓ.ም ኢህአዴግ ጎንደርን እስከያዘበት ድረስና ከዛም በኋላ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ወታደር እዚህ ኖሯል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ስለዚህ የአዘዞ ሰው ዘሩ ቢጠየቅ ግማሽ ኢትዮጵያ ነው የሚወጣው። ኤርፖርቱ አፄ ቴዎድሮስ ይባላል፣ ህዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም ማታ ከትግራይ በኩል የተተኮሰ ሮኬት የወደቀበት እሱ ነው።

የዛሬዋ አዘዞ በመንገድ ነው የምትኖረው። ከዚህ ነው ሁለቱ መንገዶች የሚገነጠሉት፣ አንዱ በአይከል አድርጎ ወደ መተማና ሱዳን፣ ሌላው በቆላድባ ወደ ጎርጎራ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰሊጥና ጥጥ የጫነ ከባድ መኪና ከቆላ እየወጣ በዚህ ያልፋል፣ ደምቢያ ደግሞ ጤፉን፣ ሽምብራውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጥቁር አዝሙዱን ይልካል፣ በገበያ ቀን መገንጠያው ጋ በእግር ማለፍ ራሱ ትግል ነው። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር የተሰራው ሎጅ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ የቱሪስት መኪናም ጨምሯል። የመገጭ ግድብ እዚሁ አጠገብ ነው፣ ለመስኖም ለከተማው ውሃም ተብሎ የተጀመረ፣ ስንት ዓመት እንደተጓተተ ጎንደሬን ብትጠይቁት ይስቅባችኋል ወይ ይሰድባችኋል፣ ውሃ በፈረቃ ለሚቀዳ ሰው ቀልድ አይደለም። በከተማውና በአዘዞ መሀል የነበረው ባዶ ቦታም እየጠፋ ነው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ አዳዲስ ቤቶች፣ ጋራዥ፣ ብሎኬት ማምረቻ፣ ሁለቱ ሊገናኙ ነው።

ዩኔስኮ በ1979 ፋሲል ግቢን ሲመዘግብ ቁስቋምን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ጉዛራንና ጎርጎራን ሳይቀር አካቷል፣ አዘዞ ግን የለችበትም። በዛን ጊዜ ከመሬት በላይ የሚታይ ትልቅ ነገር ስላልነበረ ይመስለኛል፣ ቁፋሮው የመጣው ስንት ዓመት ቆይቶ። አሁንም ግንብ አያለሁ ብላችሁ ከሄዳችሁ ታዝናላችሁ፣ የምታዩት የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ትልልቅ ዛፎች፣ የአጥርና የገንዳ ፍራሽ ነው። ጋይድ የለም፣ ትኬት የለም። ከአራዳ ወይ ከማራኪ በኩል "አዘዞ አዘዞ" የሚለውን ሚኒባስ ያዙ፣ ወርዳችሁ ተክለ ሃይማኖት ካላችሁት ባጃጁ ያደርሳችኋል። ጠዋት ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሂዱ፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ፣ ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ አባቶችን አስፈቅዱ፣ ፍራሹ ላይ አትውጡ። ክረምት ጭቃው ከባድ ነው፣ የደምቢያ መረሬ ጫማ ያወልቃል፣ ግን ነሐሴ 24 የተክለ ሃይማኖት ዕለት ጭቃውን ማንም አይቆጥረውም፣ በዛን ቀን የምትሄዱ ከሆነ ሚኒባስ ስለማይገኝ ከጎንደር በጠዋት ውጡ።