ስለ ማዕረግና ስኮላርሺፕ የሚወራውና እውነታው

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሻይ ቤት ነው። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቹ ሁሉም ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ይዘዋል። ወሬው ስለ ምርቃት ነው። ከመንዝ የመጣች ልጅ «እኔ ስኮላርሺፕ አልሞክርም። ጂፒኤዬ 3.4 ነው፤ እሱ የሜዳሊያ ተሸላሚዎች ነገር ነው» አለች። አንገበገበኝ። ማንም ሳይከለክላት፣ በወሬ ብቻ ራሷን ከውድድር አስወጣች።

«ስኮላርሺፕ ለአንደኛ ብቻ ነው።» አይደለም። ለአንደኛ የሚሰጠው ሜዳሊያው ነው። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ውጤት 75 በመቶ ነው። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ደግሞ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲህ 4.0 ይዞ ትናንት የተመረቀ ልጅ ገና ልምድ መያዝ አለበት። በ3.4 ተመርቃ ወረዳ ላይ ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ ግን ማመልከት ትችላለች። ውድድሩ ከባድ ነው፤ እሱን አልደብቅም። ግን ሳያመለክቱ መቅረት ምን ይሉታል?

«ማዕረግ መምህራን ለወደዱት ነው።» ይሄም ልክ አይደለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቁጥሩ በሴኔት ሕጉ ላይ ተጽፏል፦ 3.25 በማዕረግ፣ 3.50 በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ። ከቁጥሩ ሌላ ቅድመ ሁኔታም አለ። አንዲት ኤፍ ማዕረግ ልታስቀር ትችላለች። ስለዚህ የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ከሬጅስትራር ጠይቃችሁ አንብቡ፤ ያውም አንደኛ ዓመት ላይ።

«ማዕረግ ካለኝ መውጫ ፈተናው ምን ያደርገኛል?» ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ በመውጫ ፈተናው ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። ጂፒኤ አይተካውም።

በጣም የሚያሳዝነኝ የድጋፍ ደብዳቤው ጉዳይ ነው። «ለስኮላርሺፕ የሚያያዘው ደብዳቤ ከዲን ከሆነ ክብደት ይኖረዋል» ይባላል። አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አይቻለሁ። ሁለት መስመር ናት፦ «ተማሪዋ ታታሪና መልካም ጠባይ ያላት ናት።» ከሥር ትልቅ ማህተም። ዲኑ ልጅቷን አያውቋትም፤ ምን ይጻፉ? አማካሪዋ ግን ያውቋታል። ለመመረቂያ ጥናቷ ከገብስ ማሳ የሰበሰበችው ናሙና ዝናብ ሲያበላሸው፣ በማግስቱ ጭቃውን እየረገጠች ተመልሳ እንደገና መሰብሰቧን ያስታውሳሉ። መራጮቹን የሚያሳምነው ይህ ታሪክ ነው። ደብዳቤውን በደንብ ከሚያውቃችሁ መምህር ጠይቁ። ቀነ ገደቡ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጠይቁ፤ ሲቪያችሁንም አብራችሁ ስጡ። ማታ ደውሎ «ቲቸር፣ ለነገ ጠዋት» ማለት መምህሩንም ያስጨንቃል፣ ደብዳቤውንም ያሳጥራል።

በመጨረሻ፣ በኢሜይል የሚመጣው «እንኳን ደስ አለዎት፣ የክብር ማኅበር አባል ሆነው ተመርጠዋል፤ ይክፈሉ» የሚለው ነገር። ብዙ ልጆች ስኮላርሺፕ ያገኙ ይመስላቸዋል። የክብር ማኅበር፣ ማለትም ጎበዝ ተማሪዎችን በአባልነት የሚመርጥ ማኅበር፣ በተለይ የአሜሪካ ኮሌጆች ባህል ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1776 የተመሠረተው ፋይ ቤታ ካፓ፣ አባላቱን የሚመርጠው በየኮሌጁ ባለው ቅርንጫፉ በኩል ነው። እውነተኞቹም የአባልነት ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አባልነት ግን የትምህርት ወጪ አይሸፍንም። ዲፓርትመንታችሁ የማያውቀው፣ ግቢያችሁ ውስጥ ቅርንጫፍ የሌለው ማኅበር በዶላር ክፈሉ ካላችሁ፣ ከቤተሰብ ብር ከመጠየቃችሁ በፊት ኢሜይሉን ለአንድ መምህር አሳዩት።