የኮምፕረሽን ደረጃ ምንድን ነው?

አንድ ሶፍትዌር ለተጠቃሚ ሲላክ ፋይሎቹ ተጨምቀው አንድ ኢንስቶለር (ሶፍትዌሩን ኮምፒውተር ላይ የሚጭን ፋይል) ውስጥ ይገባሉ። ኮምፒውተሩ እነሱን ለማሳነስ ምን ያህል እንዲለፋ የምናዝዝበት ቁጥር ወይም ስም ነው የኮምፕረሽን ደረጃ የሚባለው።

ጨማቂው ፕሮግራም በዋናነት የሚፈልገው ድግግሞሽን ነው። ቀድሞ ያየውን የባይት ተከታታይ እንደገና ሲያገኝ ሙሉውን አይጽፍም፤ «ከዚህ በፊት እዚያ ጋ አለ» ብሎ ያልፋል። ደረጃው ከፍ ሲል ወደ ኋላ ርቆ ይፈልጋል፣ ብዙ አማራጭም ያወዳድራል። ፋይሉ ያንሳል፣ ቢልዱ (ኢንስቶለሩን የማዘጋጀቱ ሥራ) ግን ይጎተታል።

ትርፉና ድካሙ ግን አብረው አያድጉም። ከታች ወደ መካከለኛው ሲወጣ ፋይሉ ደህና አድርጎ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ያለው ብዙ ጊዜ ፍርፋሪ ነው። ኤክስዜድ የሚባለውን የመጭመቂያ ፕሮግራም እንይ፤ ደረጃዎቹ ከ0 እስከ 9 ናቸው። በተለመደው 6 ለመጭመቅ 94 ሜጋባይት ያህል ሜሞሪ ይበቃዋል። በ9 ወደ 674 ይዘላል። የተጨመቀው ሲፈታም (ወደ ነበረበት ሲመለስ) የሚፈልገው ሜሞሪ ከ9 ሜጋባይት ወደ 65 ይወጣል፤ ይሄኛውን የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው። ጄፒጂና ቪዲዮ ደግሞ አስቀድመው የተጨመቁ ስለሆኑ ምንም ደረጃ ቢሰጣቸው እምብዛም አይቀንሱም።

ታዲያ የቱ ይሻላል? ኢንስቶለሩን ማን እንደሚያወርደው ይወስነዋል። ለሙከራ በቀን ደጋግመው የሚሠሩትን ቢልድ አጥብቆ መጭመቅ፣ በእኔ እይታ፣ ጊዜ ማባከን ነው። ፈጣኑን ደረጃ ይስጡት፣ ወይም ጭራሽ አይጭመቁት። ለሕዝብ የሚለቀቀው ግን አንዴ ተሠርቶ ብዙ ሰው ያወርደዋል። በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ሰው እያንዳንዱ ሜጋባይት ብር ነው፤ እዚያ ላይ ቢልዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ። ኢኖ ሴትአፕ የተባለው የኢንስቶለር መሥሪያ ካልነኩት በስተቀር «ኤልዜድኤምኤ2 ማክስ» የሚለውን አጥብቆ የሚጨምቅ ምርጫ ይጠቀማል። ለሙከራ ቢልድ ይህን ዝቅ ማድረግ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ሳይነኩት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ግን ብዙ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ከደረጃው ይልቅ ዘዴውን መቀየር ያዋጣል። አርች ሊነክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ2019 መጨረሻ ፓኬጆቹን (የሶፍትዌር ጥቅሎቹን) ከኤክስዜድ ወደ ዜድስታንዳርድ፣ ወደ ሌላ የመጭመቂያ ዘዴ፣ አዛወረ። ባወጣው መግለጫ መሠረት የፓኬጆቹ ጠቅላላ መጠን በ0.8 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የመፍታቱ ፍጥነት ግን በ1300 በመቶ ያህል አደገ።