የኦኩፔሽናል ቴራፒ ቦርድ አባል ማለት ምንድን ነው? ("ቦርድ ወጣ" ከሚለው ጋር እንዳይምታታ)

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከካሊፎርኒያ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ቮይስ ላከች፣ "የኦኩፔሽናል ቴራፒ ቦርድ አባል ለመሆን አመልክቻለሁ፣ ዱአ አድርጉልኝ" ትላለች። ደሴ ያለው ዘመድ በሙሉ ደነገጠ። እናቴ "ምን ሆና ነው በዚህ እድሜዋ ቦርድ የምትወጣው፣ ወገቧን ነው?" ብላ ስትጨነቅ ኮምቦልቻ ያለው አጎቴ ደሞ "ቦርድ ከገባችማ ተሹማለች፣ መኪና ይሰጧታል" ብሎ ደመደመ፣ እኔም መሃል ላይ ሆኜ ሳነብና እሷን ስጠይቅ ሰነበትኩ፣ ያገኘሁትን ይኸው።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። እኛ ጋ ቦርድ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው። አንዱ የህክምና ቦርድ ነው፣ ሀኪሞች ተቀምጠው ይሄ ሰው በጤናው ምክንያት ስራውን መቀጠል ይችላል ወይስ አይችልም የሚሉበት፣ ወታደር የነበረ ወይ ፋብሪካ የሰራ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ "ቦርድ ወጣ" የሚለውን ያውቃታል። ሌላው የመስሪያ ቤትና የባንክ ቦርድ ነው፣ ሰብሳቢ ያለው፣ አበል ያለው፣ አጎቴ መኪና ያሰበው ከዚህ ተነስቶ ነው። እሷ ያመለከተችበት ሶስተኛ ዓይነት ነው፦ አንድን ሙያ የሚቆጣጠር፣ በህግ የተቋቋመ ቦርድ። ማን በዚህ ሙያ ይስራ፣ ማን አይስራ፣ የሚሰራው ሰው ቢያጠፋስ ምን ይደረግ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

ሙያውን ራሱ ብዙ ሰው ከፊዚዮቴራፒ ጋር ነው የሚቀላቅለው፣ አይፈረድበትም። ኦኩፔሽን የሚለውን "ስራ" ብለን ብቻ ከወሰድነው እንስታለን፣ እዚህ ላይ ቃሉ ቀናችንን የሚሞላውን ነገር በሙሉ ነው የሚይዘው፣ መልበስ፣ መታጠብ፣ መጉረስ፣ ውዱእ ማድረግ፣ መስገድ፣ ቡና ማፍላት። ስትሮክ መቷት ቀኝ እጇ የደከመ እናት ፊዚዮ ጋ ስትሄድ በአብዛኛው ጡንቻዋና መገጣጠሚያዋ፣ እርምጃዋ ላይ ነው የሚሰራው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ግን መጀመሪያ የሚጠይቃት "ምን ማድረግ ነው ያቃተሽ?" ብሎ ነው። "ጀበናውን አንስቼ ሳላፈስ መቅዳት" ካለች ህክምናው እዚያው ረከቦቱ አጠገብ ይጀምራል፣ ትንሽና ቀላል ጀበና ይፈለጋል፣ ረከቦቱ ከፍ ይላል፣ ግራ እጅ ቀኙን መደገፍ ይለማመዳል፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ከዛ በትኩስ። ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ፣ ግን ቡና ማፍላት የማትችል የወሎ እናት ምን ያህል እንደምትሰበር ያየ ሰው አይስቅም።

ሙያው በድርጅት መልክ የቆመው አሜሪካ ኒውዮርክ ውስጥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ በ1917 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ያኔ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የሚመለሱ ቁስለኞች ነበሩና ቶሎ ተፈላጊ ሆነ። የዓለም ፌዴሬሽኑ በ1952 ተቋቋመ። እኛ ሀገር የመጀመሪያው የዚህ ሙያ ትምህርት የተጀመረው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ስለዚህ ስሙ ለብዙዎቻችን አዲስ ቢሆን አይገርምም። ሀሳቡ ግን አዲስ አይደለም፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ስንት ዘመን የስጋ ደዌ ታካሚ ሲያክም የኖረ ነው፣ ስሜት ያጣ ጣት ምጣድ ላይ እንዳይቃጠል እጀታ ማስረዘም፣ ጨርቅ መጠቅለል፣ እንዲህ ያለውን ነገር ነው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚያስበው።

ታዲያ ቡና ማፍላት የሚያለማምድን ሰው ቦርድ የሚቆጣጠረው ለምንድን ነው? ለዚህ የአጎቴ ጣት ይበቃል። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ፋብሪካ ሲሰራ ማሽን ሁለት ጣቱን ያዘው፣ ቁስሉ ዳነ፣ ጣቶቹ ግን ደርቀው ቀሩ። ያኔ አንድ "ቴራፒ አውቃለሁ" የሚል ሰው ቤት ድረስ እየመጣ፣ በየቀኑ ብር እየተቀበለ፣ ጣቶቹን በግድ ያጥፍለት ነበር፣ አጎቴ ጥርሱን ነክሶ ይችላል፣ በሳምንቱ እጁ በሙሉ አብጦ ከበፊቱም ባሰ። ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ማን ፈቅዶለት ነው የሚሰራው? ማንም። ለማን ይከሰሳል? ያኔ የሚያውቅ አልነበረም፣ በሽማግሌ ሊጠየቅ ሁሉ ታስቦ ነበር። ካሊፎርኒያ ቢሆን፣ ላይሰንስ ያለው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት እንኳን የእጅ ህክምና ለመስራት ተጨማሪ ስልጠና መውሰዱን አሳይቶ የቦርዱን ማረጋገጫ ማግኘት አለበት፣ የመዋጥ ችግር ላይ ለመስራትም እንደዛው። ይሄን ስነግረው አጎቴ ዝም ብሎ ጣቱን አየ።

እሺ፣ ቦርዱ ውስጥ እነማን ናቸው? የካሊፎርኒያው 7 አባላት አሉት፣ 3 ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች፣ 1 የኦኩፔሽናል ቴራፒ ረዳት፣ የቀሩት 3 ደሞ ከሙያው ውጪ የሆኑ የህዝብ አባላት። አምስቱን የሚሾመው የግዛቱ ገዢ ነው፣ ከህዝብ አባላቱ ሁለቱን ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች አንድ አንድ ይመርጣሉ፣ የአንድ ሰው ዘመን 4 ዓመት ነው። ቴክሳስ ደሞ 9 ናቸው፣ 4 ቴራፒስት፣ 2 ረዳት፣ 3 ህዝብ፣ ዘመኑ 6 ዓመት ሆኖ ሁሉም ባንዴ እንዳይወጡ ተፈራርቀው ነው የሚያልቅላቸው። እንግሊዝ ለዚህ ሙያ ብቻውን ቦርድ የላትም፣ 15 ሙያዎችን ባንድ ላይ የሚይዝ ካውንስል ነው ያላት፣ እሱም ውስጥ ግማሹ ባለሙያ ግማሹ ከሙያው ውጪ ያለ ሰው ነው፣ 6 ለ6።

የአክስቴ ልጅ ያመለከተችው በህዝብ አባልነት ነው። ሂሳብ ሰራተኛ ናት፣ ስለ ቴራፒ የምታውቀው እኔ የማውቀውን ያህል ነው። እናቴ "ታዲያ የማታውቀውን ምን ልትፈርድ?" አለች፣ ጥያቄዋ ጥሩ ነው፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ጋ ነው ያለው።

ቦርዱ የቴራፒስቶች አይደለም፣ የታካሚው ነው። የቴራፒስቶቹ ማህበራቸው ነው፣ እሱ ደሞዛቸው እንዲያድግ፣ ሙያቸው እንዲከበር ይሟገታል፣ ልክ ነው ስራው ነው። በኛ አነጋገር ማህበሩ ቅሬ (እድር) ነው በሉት፣ የቅሬ ዳኛ ለቅሬው ሰው ነው የሚቆመው፣ አባል ሲቸገር ይደርሳል፣ ሁለት አባል ሲጣላ ያስታርቃል። የቅሬ አባልና የውጪ ሰው ቢጣሉ ግን የቅሬውን ዳኛ ብቻ አስቀምጠህ ፍረድ አትለውም፣ ጥሩ ሰው ቢሆንም ዓይኑ ወደ ሰዉ ያደላል። ሙያተኞች ብቻ የተቀመጡበት ቦርድም እንደዛ ነው፣ ሳያስቡት እንኳን ለጓደኛቸው ያዝናሉ፣ ወይ ደሞ ገበያቸውን ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው የሚሆን ካልመሰላችሁ ኖርዝ ካሮላይና የሆነውን ስሙ። እዚያ የነበረው የጥርስ ሀኪሞች ቦርድ 8 አባላት ነበሩት፣ 6ቱ የጥርስ ሀኪም፣ 1 የጥርስ ንፅህና ባለሙያ፣ ህዝብን የሚወክለው 1 ሰው ብቻ። ሀኪም ያልሆኑ ሰዎች የገበያ ማዕከል ውስጥ ጥርስ ማንጣት በርካሽ ጀመሩ፣ ሀኪሞቹ አቤት አሉ፣ ቦርዱ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እየላከ አስቆማቸው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ይሄ የህዝብ ጤና ሳይሆን ተፎካካሪ ማባረር ነው ብሎ ያዛቸው፣ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015 ቦርዱ 6 ለ3 ተረታ። የሚወስኑት ሰዎች አብዛኞቹ እዛው ገበያ ላይ ያሉ ከሆኑና ግዛቱ በቅርብ ካልተቆጣጠራቸው፣ የመንግስት አካል ነን ብለው ከውድድር ህጉ አያመልጡም ነው የተባለው። ከዛ በኋላ የየሙያው ቦርድ ውስጥ ማን ይቀመጥ የሚለው ወሬ ጠነከረ። ቴክሳስ ላይማ የህዝብ አባል ራሱ ብቻ ሳይሆን ባሉ ወይ ሚስቱም የጤና ሙያ ላይሰንስ ሊኖራቸው አይችልም፣ ትራስ ላይ የሚወራውን ሳይቀር አስበውበታል።

አባል ሆኖ ስራው ምንድን ነው? ከምታስቡት በላይ ወረቀት ነው። ስብሰባው ለህዝብ ክፍት ነው፣ አጀንዳው ቀድሞ ይለጠፋል፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ይናገራል። ደንብ ያወጣሉ፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ላይሰንስ በየሁለት ዓመቱ ሲታደስ 24 ነጥብ ያህል ተከታታይ ትምህርት መያዝ አለበት። ዋናውን የመግቢያ ፈተና ግን እነሱ አያወጡም፣ ሀገር አቀፍ ተቋም ነው የሚፈትነው፣ ቦርዱ ያለፈውን አጣርቶ ላይሰንስ ይሰጣል።

ከባዱ ክስ ሲመጣ ነው። አቤቱታ ይገባል፣ ሰራተኞች ይመረምራሉ፣ ካስፈለገ ዳኛ ፊት ቀርቦ ይሰማል፣ መጨረሻ ላይ አባላቱ ድምፅ ይሰጣሉ፦ በገደብ ይስራ፣ ይታገድ፣ ወይ ላይሰንሱ ይሰረዝ። እዚህ ላይ ለኛ ሰው የሚከብድ አንድ ህግ አለ፣ ጉዳዩ የሚታይበት ሰው ወይ ዘመዱ አባሉን ለብቻ አግኝቶ ማናገር አይችልም። ቤት ድረስ ሽማግሌ መላክ የለም፣ "ልጆች አሉት እባክሽ" ብሎ መደወል የለም። የአክስቴ ልጅ ይሄን ስትነግረን እናቴ በጣም ነው ያዘነችው፣ "ሽማግሌ የማይሰማ ምን ዓይነት ፍርድ ነው" አለች፣ እኔ ግን ወላሂ ስለ አጎቴ ጣት ሳስብ ህጉ ልክ መሰለኝ፣ ያኔ ሽማግሌ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ይቅር ተባብለን ነበር የምንቀረው፣ ሰውየውም በማግስቱ ሌላ ሰው ጣት ያጥፋል።

የማይችሉትም አለ። ገንዘብህን አያስመልሱልህም፣ ካሳ አይፈርዱልህም፣ እሱ ፍርድ ቤት ነው። መኪናም የለም፣ ደሞዝም የለም፣ የተሰበሰቡበት ቀን አበልና የመንገድ ወጪ ነው፣ አጎቴ እዚህ ጋ ፍላጎቱ በጣም ቀነሰ።

እኛ ሀገር ለኦኩፔሽናል ቴራፒ ብቻውን የቆመ ቦርድ የለም። የጤና ባለሙያ ምዝገባና ላይሰንስ በጤና ሚኒስቴርና በየክልሉ ጤና ቢሮ ነው የሚሄደው፣ ከ2011 ዓ.ም ወዲህ ደሞ በተለያዩ የጤና ሙያዎች የሚመረቁ ልጆች የብቃት ምዘና ይፈተናሉ፣ ላይሰንስ ሲታደስም ሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ትምህርት) ይጠየቃል። የስነ ምግባር ጥፋት ሲሆን የሚያየው የጤና ባለሙያዎች የስነ ምግባር ኮሚቴ ነው፣ ደንብ ቁጥር 299/2006 ላይ አለ። ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ አንድ ሰው ቴራፒስት ነኝ ብሎ ቤት ከመጣ "ላይሰንስህን አሳየኝ" ማለት ነውር አይደለም፣ ካላሳየ ወደ ከተማው ጤና መምሪያ መሄድ ነው። ሙያው እያደገ ሲሄድ የራሱ ቦርድ ያስፈልገው ይሆናል፣ ያን ቀን ባለሙያዎቹ ብቻቸውን እንዳይቀመጡበት ነው የኔ ምኞት፣ ስትሮክ የመታው ሰው ወይ ሲያስታምም የኖረ ሰው አጠገባቸው ቢኖር።

ቅዳሜ በሐረጎ ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ ይሄን ሁሉ ለአጎቴ በአካል ደግሜ ነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆየና "ቆይ፣ እንግዲህ ቦርድ የወጣ ሰው ቦርድ መግባት ይችላል ማለት ነው?" አለኝ። ይችላል አልኩት። ደረቁን ጣቱን እያሸ "አበሉ ስንት ነው ያልከኝ?" አለ።