ሰቆጣ፦ አሞሌ ጨው ያከበራት የዋግ ከተማ

ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በተራቆቱ ኮረብቶችና በጥልቅ ሸለቆዎች መካከል ተቀምጣለች። አስተዳደሩ ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ የራሱ መዋቅር ቢኖረውም፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንና በደርግ ጊዜ ዋግ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ስለነበር የከተማዋ ታሪክ ከወሎ ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም።

አሁን ለሚያያት እንግዳ ሰቆጣ በአንድ ወቅት የሰሜን ኢትዮጵያ ታላቅ ገበያ ነበረች ቢሉት ለማመን ሊቸገር ይችላል። ያከበራት ማዕድን ከራሷ መሬት የወጣ አልነበረም፤ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለው የአፋር ጠፍ ሜዳ የሚቆረጠው ጨው ነው። በዚያ ሐሩር ምድር የጨው ቆራጮች የጠጠረውን ቅርፊት በእንጨት እየፈነቀሉ፣ በመጥረቢያ እየጠረቡ አራት ማዕዘን ያበጁለታል። ጨው ለመጫን ወደ ቆላው የሚወርዱት፣ በትግራይ «አርሆ» እየተባሉ የሚጠሩት ቅፍለቶች ግመሎቻቸውን ጭነው ወደ ደጋው ይወጡ ነበር፤ ዳገቱ ሲበረታ ሸክሙ ወደ በቅሎና ወደ አህያ ይዛወር ነበር። ሰቆጣ ከደቡብ ትግራይ የሚመጣው የጨው መንገድ ወደ ላስታ፣ ወደ የጁና ወደ በጌምድር ከሚወስዱት መንገዶች ጋር በሚገናኝበት ስፍራ በመገኘቷ፣ ነጋዴው የሚያርፍባት፣ ጭነት የሚለዋወጥባት፣ ገዥውም ቀረጥ የሚቀበልባት ሆነች።

አሞሌ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። ርዝመቱ ስንዝር ያህል፣ ቅርጹ እንደ ሞረድ ወደ ጫፎቹ የቀጠነ ሲሆን፣ እንዳይሰበር በልጥ ይታሰር ነበር፤ የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ስለሚወድቅ ተቀባዩ አገላብጦ ሳያይ አይቀበለውም። በክረምት እርጥበት ስለሚያሟሟው ባለቤቱ ጭስ ከማይለየው ስፍራ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ገንዘብ ለባለጸጋ የማይመች መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ሲቸግር ተፈጭቶ የሚበላ ብር እንደሌለ ማስታወስ ይገባል። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በሚቆረጥበት አካባቢ በአንድ ድራም (የጥንት የክብደት መለኪያ) ወርቅ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ይገኝ እንደነበር፣ ጉዞው በረዘመ ቁጥር ግን ቁጥሩ እየቀነሰ በንጉሡ ከተማ ስድስትና ሰባት ብቻ እስከ መሆን እንደሚደርስ ጽፏል። የሰቆጣ ሀብት ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ከተማዋ የኖረችው በጨው መነሻና በጨው መድረሻ መካከል ባለው የዋጋ ልዩነት ላይ ነበር። በየኬላው የሚጣለው ቀረጥ ነጋዴውን ማስመረሩም አልቀረም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ የጨው ነጋዴዎች ቀረጥ ሥርዓት እንዲይዝ ማዘዛቸው ጉዳዩ ቤተ መንግሥት ድረስ ይሰማ እንደነበር ያሳያል።

የዚህ ሀብት ባላባቶች ዋግ ሹም የሚል ማዕረግ የነበራቸው የዋግ ገዥዎች ነበሩ። ትውፊት እንደሚለው ዋግ ሹሞች የዛጉዌ ነገሥታት ዘር ሲሆኑ፣ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ሲነግሥ በተደረገው ስምምነት ከሌሎች መኳንንት የተለየ ክብር ተጠብቆላቸዋል። በኋለኛው ዘመን ከቤተሰቡ የወጡት ዋግ ሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በተባሉት፣ ድል ሆኑ። ዋግ ሹም ጓንጉል በአምባላጌና በአድዋ ጦርነቶች ዘምተዋል። የጣሊያን ወረራን የተቃወሙት ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ደግሞ በ1930 ዓ.ም. ተገድለው ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ እንዲታይ ተደርጓል፤ በአካባቢው የአርበኝነት ትዝታ ውስጥ ከእሳቸው የበለጠ ስፍራ የያዘ ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጨው ዘመን የከሰመው ቀስ በቀስ ነው። በ1886 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ብር ወጣ፤ ባንክ ተከተለ፤ ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ የባሕር ጨው ወደ መሀል አገር አስገባ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰቆጣን የጎዳት ግን የመኪና መንገድ ይመስላል፤ ከአስመራ ወደ ደሴ የሚወርደው ዋና ጎዳና በማይጨው፣ በኮረምና በአላማጣ በኩል ሲያልፍ የጥንቷን የገበያ ከተማ በስተ ምዕራብ ትቷት ሄደ። ድርቅም ተደራረበባት፤ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ከዋግ የተሰደደ ብዙ ሕዝብ ኮረም መጠለያ ደርሷል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገውና ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ ያለመው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ስሙን ከዚህችው ከተማ መውሰዱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ለጎብኚ ዋናው መስህብ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ነው። ከአለት የተፈለፈለው ይህ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት እስከ ዐፄ ካሌብ ዘመን ወደ ኋላ የሚወስዱት ቢኖሩም፣ ከላሊበላ ሥራዎች ጋር አስተያይቶ መመልከት የበለጠ ያስተምራል። በአጠገቡ የዋግ ሹሞች እንደሆነ የሚነገር የደረቀ አስከሬን ተቀምጧል፤ ለአጽም የሚገባው ክብር ስላለ ካሜራ ከማውጣት በፊት የካህናቱን ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስፍራው አገልግሎት የሚሰጥ ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ቅዳሴ ሲኖር ጉብኝት አይደረግም። በከተማው ገበያ አማርኛ ከኽምጣኛ ጋር ጎን ለጎን ይሰማል፤ ኽምጣኛ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ ለቋንቋ ወዳጅ ከጨው ታሪክ ባልተናነሰ የሚማርክ ነው። በቆላው የአበርገሌ ፍየልና የዋግ ማር ለገበያው ይቀርባሉ።

ከደሴ የሚነሣ መንገደኛ በወልድያና በቆቦ አላማጣ ደርሶ፣ የግራ ካሕሱን ዳገት ወጥቶ ከኮረም ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፤ ከላሊበላ የሚመጣው በቢልባላ በኩል ወደ ሰሜን ይዘልቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የተካሄደው ጦርነት ከተማዋንም ገጠሩንም ክፉኛ ስለጎዳ፣ ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ጸጥታ በወልድያ ወይም በላሊበላ ካሉ ሾፌሮች ቢያጣራ ይበጃል። ለጉዞ የሚመቸው ከመስከረም በኋላ ያለው በጋ ነው፤ የጨው ቅፍለቶችም ይጓዙ የነበረው በዚሁ ወቅት ነበር።