የአየር ኃይል አዛዥ ማለት ማዕረግ ነው እንዴ?

አይደለም። ጥያቄው ስለተደጋገመ ልመልሰው። ማዕረግ ሰውየው ትከሻው ላይ የሚያደርገው ነው። አዛዥነት ግን ኃላፊነት ነው፤ ቢሾፍቱ፣ የአየር ኃይሉ ዋና መምሪያ ውስጥ ያለው ወንበር በሉት። ወንበሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ ማዕረጉ ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳል።

የደርግን ዘመን እንይ። ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ አየር ኃይሉን ካዘዙ በኋላ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆኑ። ወንበሩ የሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሆነ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ ሲሞከር ሁለቱም ሜጀር ጄኔራል ነበሩ፤ አዛዡ ግን አንዱ ብቻ። ይህን የሚያምታታ ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ የሁለት ሰው ታሪክ አንድ ላይ ይጨፈለቃል።

የተገላቢጦሹም አለ። ይልማ መርዳሳ ሜጀር ጄኔራል ሳሉም ሌተናል ጄኔራል ከሆኑ በኋላም ያው ዋና አዛዥ ናቸው። ማዕረጉ አደገ፣ ወንበሩ አልተቀየረም። በነገራችን ላይ ሻለቃ (ሜጀር) ከመቶ አለቃ (ሌተናል) ቢበልጥም፣ ከጄኔራሎች ግን ሌተናል ጄኔራል ነው ሜጀር ጄኔራልን የሚበልጠው።

የማዕረጉ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። አዛዡ የትኛውን ማዕረግ ይያዝ የሚለው ግን እንደ ዘመኑና እንደ አገሩ ይለያያል። እንግሊዞችማ ለአየር ኃይላቸው ‹ኤር ማርሻል› የሚባል የራሱ ማዕረግ አላቸው፤ ከሌተናል ጄኔራል ጋር እኩል ነው።