የወንድ ነርሶች ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት በወረርሽኝ ወቅት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ ነርሶች ነበሩ፤ ከአሥሩ አንዱ ያህል ወንድ ነበር። በቁጥር ማነሳቸው በወረርሽኝ ጊዜ የደረሰባቸው ጫና በጥናት ተለይቶ እንዳይታይ አድርጓል።

ወንዶች ወረርሽኝ ውስጥ ገብተው ማስታመማቸው የቆየ ታሪክ አለው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጥቁር ሞት የተባለው የቸነፈር ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያዳርስ የአሌክሲያን ወንድሞች የተባሉ የካቶሊክ ማኅበር አባላት ሕሙማንን ይንከባከቡ፣ ሙታንን ይቀብሩ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ሳርስ በተባለው የመተንፈሻ አካላት ወረርሽኝ ጊዜም በሽታውን ወደ ቤት ይዞ የመግባት ፍርሃት በጤና ባለሙያዎች ላይ ታይቷል።

በስፋት የተጠናው ኮቪድ-19 ነው። በ2020 መጀመሪያ በቻይና በ34 ሆስፒታሎች ከተጠየቁት 1,257 የጤና ባለሙያዎች 50.4 በመቶው የድብርት፣ 44.6 በመቶው የጭንቀት፣ 34 በመቶው የእንቅልፍ ማጣት ምልክት ነበረባቸው። በሴቶች፣ በነርሶችና በግንባር በተሰለፉት ላይ ምልክቱ በርትቶ ተገኝቷል። ከተጠያቂዎቹ 76.7 በመቶው ሴቶች ስለነበሩ ወንድ ነርሶች በአንድ በኩል «ነርስ»፣ በሌላ በኩል «ወንድ» ተብለው በሁለት ረድፍ ተከፍለው ቀርተዋል።

ከዚህ ተነስቶ ወንዶቹ ብዙም አልተጎዱም የሚሉ አሉ። ምናልባት በከፊል እውነት ይሆናል። ነገር ግን ድብርትን ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የተሰኘው መጠይቅ ስለ ቁጣም ሆነ ስለ መጠጥ አይጠይቅም፤ የብዙ ወንዶች ጭንቀት ደግሞ የሚወጣው በዚሁ በኩል ነው። ወንዶች የሥነ ልቦና እርዳታ ለመጠየቅ እንደሚያመነቱም አያጠራጥርም።

የሥራው ጠባይም የራሱ ድርሻ አለው። በመተንፈሻ መሣሪያ የሚረዳን ታካሚ በሆዱ ለማስተኛት አምስት ወይም ስድስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ከራስጌ ቱቦውን ይዞ ይቆጥራል፣ ሌሎቹ እኩል ያገላብጣሉ። ይህ በአንድ ፈረቃ ሲደጋገም ሸክሙ «ጉልበት አለህ» በሚባለው ወንድ ነርስ ወገብ ላይ ያርፋል። ያው ነርስ፣ ቤተሰብ እንዳይገባ በተከለከለበት ክፍል፣ በታካሚው ጆሮ ሥር ስልክ ይዞ ስንብት ሲያደምጥ ይቆማል። ከዚያ በኋላ «አንተማ ጠንካራ ነህ» መባሉ ሐዘኑን ለማውጣት በሩን ይዘጋበታል። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት ከየአገሩ በተሰባሰበ መረጃ፣ ከተያዙት የጤና ባለሙያዎች 71.6 በመቶው ሴቶች ሲሆኑ ከሞቱት 70.8 በመቶው ወንዶች ነበሩ፤ የወንዶቹ የሞት ፍርሃት መሠረት የሌለው አልነበረም።

ለእነዚህ የሙያው ባለውለታዎች የሚበጀው በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የምክር አገልግሎት ስልክ ቁጥር ብቻ አይደለም። በቂ የመከላከያ አልባሳት፣ የማይሰረዝ የእረፍት ቀን፣ ከባዱን ሥራ በፆታ ሳይሆን በተራ ማከፋፈል ይቀድማሉ። የፈረቃው ኃላፊ፣ እዚያው ክፍል የሠራ ሰው፣ ከሥራ በኋላ ሁሉንም አሰባስቦ ቢያነጋግር፣ ብቻውን ደውሎ እርዳታ የማይጠይቀውም ሐሳቡን ለመናገር ይቀለዋል።